ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ሐኪም፤ የቤርናርዲኖ ራማዚኒ አጭር የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚመረጡት ነገሥታት፣ የጦር አለቆች፣ አለዚያም አዲስ አገር ወይም አዲስ መሣሪያ ያገኙ ሰዎች ናቸው። እነዚህን ማስታወስ ተገቢ ነው። እኔ ግን በዚህ ዓመት ለአንባብያን ላቀርብ የፈለግሁት ጦር ያልመራ፣ መሣሪያም ያልፈጠረ አንድ ሐኪም ነው። ይህ ሰው ወፍጮ ቤት፣ ዳቦ መጋገሪያ፣ ድንጋይ መጥረቢያ ቦታና መጸዳጃ ጉድጓድ ድረስ እየሄደ የድኻውን ሠራተኛ ትንፋሽ አዳመጠ። ስሙ ቤርናርዲኖ ራማዚኒ፣ አገሩም ኢጣልያ ነው። ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ሰው በሥራው ምክንያት እንዴት እንደሚታመምና ከዚህም እንዴት እንደሚጠበቅ የሚመረምረው የሕክምና ክፍል አባት ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ በእኛ አቈጣጠር ነው ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ራማዚኒ በ1633 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ ካርፒ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ኢጣልያ እንደ ዛሬው አንድ መንግሥት አልነበረችም። በየአውራጃው ልዩ ልዩ መሳፍንት የሚገዟት፣ አንዳንዱም ክፍል በሪፑብሊክ የሚተዳደር፣ የተከፋፈለች አገር ነበረች። ካርፒ በሞዴና መስፍን ግዛት ሥር ነበረች። ልጁ የመጀመሪያ ትምህርቱን በትውልድ ከተማው ከተማረ በኋላ ወደ ፓርማ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ፍልስፍናንና ሕክምናን አጠና። በ1659 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቀ። ቀጥሎም ሥራውን ለመለማመድ ወደ ሮማ ሄደ።

ወጣቱ ሐኪም መጀመሪያ የተቀጠረው ከሮማ በስተ ሰሜን በሚገኙ በካኒኖና በማርታ ነበር። ነገር ግን አገሩ ወባ የበዛበት ስለ ነበረ ራሱ ሐኪሙ በበሽታው ተያዘ። ሥራውን ትቶ ወደ ካርፒ ተመለሰ፤ ከሕመሙም ካገገመ በኋላ በዚያው ትዳር መሥርቶ ማከም ጀመረ። በ1671 ዓ.ም. ወደ ዋናው ከተማ ወደ ሞዴና ተዛወረ። በሞዴና እንደ ማንኛውም እንግዳ ሐኪም ከቀደሙት የሙያ ጓደኞቹ ጋር ብዙ ክርክር ገጠመው። ቢሆንም በዕውቀቱ እየታወቀ ሄደ። በ1682 ዓ.ም. መስፍኑ ዳግማዊ ፍራንቸስኮ የከተማይቱን ዩኒቨርሲቲ ባቋቋመ ጊዜ ራማዚኒ የሕክምና መምህር ሆነ።

በመምህርነቱ ዘመን መጽሐፍ በማንበብ ብቻ አልተወሰነም። የሞዴናን የምንጭ ውሃ ከመሬት በታች ከየት እንደሚመጣ መረመረ፤ ስለዚሁም በ1691 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ። በየዓመቱ በገጠሩ የሚነሣውን ወረርሽኝ ከዝናቡና ከሙቀቱ ጋር እያስተያየ ጻፈ። ይህን የምጠቅሰው ጠባዩን ስለሚያሳይ ነው። ራማዚኒ በጆሮው ከሰማው ይልቅ በዐይኑ ያየውን የሚያምን ሰው ነበር። ለታላቁ ሥራው መነሻ የሆነውም እንዲሁ በዐይኑ ያየው ነገር ነው።

ሞዴና ቤቶቿ የተጣበቡ፣ ሕዝቧም የበዛ ጥንታዊ ከተማ ነበረች። በየቤቱ ሥር ያለው የመጸዳጃ ጉድጓድ በየሦስት ዓመቱ ገደማ ይጠረግ ነበር። ተራው ለራማዚኒ ቤት ደርሶ ሠራተኞች መጥተው በሚጠርጉበት ጊዜ፣ ከመካከላቸው አንዱ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ያለ ልክ እየተጣደፈ ሲሠራ ሐኪሙ ተመለከተው። አዘነለትና፣ ቀስ ብሎ ቢሠራ ይህን ያህል እንደማይደክም ነግሮ፣ የችኮላውን ምክንያት ጠየቀው። ሰውዬው ቀና ብሎ፣ በዚያ ቦታ ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ሰው ዐይኑን እንደሚያጣ፣ የሚጣደፈውም ስለዚህ መሆኑን ነገረው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ከንፈሩን መጥጦ ይሄድ ነበር። ራማዚኒ ግን ሰውዬው ከጉድጓዱ እስኪወጣ ጠበቀና ዐይኖቹን መረመረ፤ ቀልተውና ደክመው አገኛቸው። ምን መድኃኒት እንደሚያደርግ ጠየቀው። ሠራተኛውም ወዲያው ወደ ቤቱ እንደሚሄድ፣ እስከ ማግሥቱ በጨለማ ክፍል ተዘግቶ እንደሚቀመጥና ዐይኑን ለብ ባለ ውሃ እንደሚያጥብ አስረዳው። ሐኪሙ መጠየቁን አላቆመም። ጉሮሮው ይቃጠል እንደ ሆነ፣ መተንፈስ ያስቸግረው እንደ ሆነ፣ ራሱን ያመው እንደ ሆነ አንድ በአንድ ጠየቀው። የሚጐዳው ዐይን ብቻ ነው የሚል መልስ አገኘ። ከዚያ በኋላ ራማዚኒ በከተማይቱ የሚለምኑትን ዓይነ ሥውራን ሲመለከት ብዙዎቹ በዚያው ሥራ የኖሩ ሆነው ተገኙ።

ያን ጊዜ የዚህን ነገር ምክንያት በትክክል ማወቅ አይቻልም ነበር፤ የኬሚስትሪ ትምህርት ገና አልዳበረምና። ዛሬ እንደምናውቀው ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና አሞንያ የሚባሉ ጋዞች ይወጣሉ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱ ሲሆን ዐይንን ይለበልባል፤ በብዛት ሲሆን ግን የማሽተትን ኃይል አደንዝዞ ሰውን በቅጽበት ይገድላል። ሽታው ጠፋ ብሎ የተዝናና ሰው ከሁሉ የበለጠ አደጋ ላይ ነው። ራማዚኒ የጋዙን ስም ሳያውቅ የጉዳቱን መንገድ አወቀ። ያወቀውም ሠራተኛውን በመጠየቁ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ባለሙያዎች መሥሪያ ቤት መሄድን ልማዱ አደረገው። ከጥንቱ ከግሪካዊው ከሂፖክራጥስ ጀምሮ ሐኪም በታማሚ አጠገብ ሲቀመጥ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ነበሩ፤ ምን እንደሚያመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚበላ ይጠይቃል። ራማዚኒ በእነዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመረ። ይኸውም የሰውዬው ሥራ ምን እንደ ሆነ ነው። በተለይ ታማሚው ድኻ ከሆነ ይህን ሳይጠይቅ የሚያክም ሐኪም የበሽታውን ሥር ሳያይ ቅጠሉን እንደሚቈርጥ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄው ለመናገር አጭር ነው፤ ይሁን እንጂ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ከሐኪሞች መደበኛ ጥያቄ ጐድሎ ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድንል እወዳለሁ። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው፣ ያውም የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ቆዳ ፋቂ ወይም ሸክላ ሠሪ ቤት ገብቶ መቀመጥ እንደ ውርደት የሚቈጠር ነበር። እኛም አገር ቢሆን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን መናቅ ለረጅም ዘመን የኖረ ክፉ ልማድ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ማወጃቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያስረዳል። ራማዚኒ ግን ይህን ንቀት ረገጠው። የሚናቁት ሰዎች ባይሠሩ የሚንቋቸው ሰዎች የሚበሉትና የሚለብሱት እንደማያገኙ ተገንዝቦ፣ ሕክምናም ለእነርሱ ዕዳ እንዳለበት አመነ።

በ1700 ዓ.ም. የብዙ ዓመት ምርመራውን ሰብስቦ ስለ ሠራተኞች በሽታ የሚናገረውን መጽሐፉን በላቲን ቋንቋ በሞዴና አሳተመ። በመጽሐፉ ማዕድን ቆፋሪዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮች፣ መስታወት ሠሪዎች፣ መድኃኒት ቀማሚዎች፣ አዋላጆች፣ ዓሣ አጥማጆችና ሌሎችም ብዙ ባለሙያዎች ለየራሳቸው ምዕራፍ አላቸው። ቀኑን ሙሉ አጐንብሰው የሚቀመጡ የመጽሐፍ ሰዎችም አልቀሩም፤ ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ብናነበው የራሳችንን ሕመም እናገኝበት ነበር። የሥራ በሽታን መነሻ ሁለት አድርጎ ከፈለው። አንደኛው ሠራተኛው የሚይዘው ነገር የሚያወጣው ክፉ እንፋሎትና ብናኝ ነው። ሁለተኛው ከመጠን ያለፈ እንቅስቃሴ ወይም የተጣመመ የሰውነት አቀማመጥ ነው። የእኔ ጽሑፍ የሚያተኵረው በመጀመሪያው ላይ ነው።

ራማዚኒ ስለ እህል አበጣሪዎችና ሰፋሪዎች እንደ ጻፈው፣ እህሉ በሚነፋበትና በሚሰፈርበት ጊዜ የሚነሣው አቧራ ጉሮሮን ያደርቃል፣ ዐይንን ያቀላል፣ ገላን ሁሉ ያሳክካል። ሰዎቹም ብዙ ጊዜ ትንፋሽ እያጠራቸው እርጅና ሳይደርሱ ይሞታሉ። ወፍጮ ፈጪዎችና ዳቦ ጋጋሪዎች ደግሞ ዱቄቱን ሳይወዱ በአፍና በአፍንጫቸው ይስባሉ። ዱቄቱ ከምራቅ ጋር ተለውሶ እንደ ሊጥ ሆኖ መተንፈሻን ይዘጋል ብሎ አሰበ። ይህ አስተያየቱ ከዛሬው ዕውቀት ጋር ሙሉ በሙሉ አይስማማም። ዛሬ የሚታወቀው፣ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ነገር የአንዳንዱን ሰው ደም ባልተለመደ ሁኔታ አስቈጥቶ አስም እንደሚያመጣ ነው። ይሁን እንጂ በሽታውንና ዱቄቱን በማገናኘቱ አልተሳሳተም፤ የጋጋሪዎች አስም ዛሬም ስሙ የታወቀ የሥራ በሽታ ነው።

የተልባ ቃጫና የገመድ ቃጫ የሚያበጥሩ ሰዎች ከቃጫው በሚወጣው ብናኝ ያለ ማቋረጥ ይስሉ እንደ ነበር አየ። ትንባሆ በሚፈጭበት ቤት ሠራተኞቹ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ያስነጥሳቸዋል። ወፍጮውን የሚያዞሩት ፈረሶች ሳይቀሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይስሉ ነበር። ስለ ድንጋይ ጠራቢዎች ሲጽፍ ደግሞ ዲመርብሩክ የተባለ የሆላንድ ሐኪም ያየውን ጠቅሷል። ይህ ሐኪም በአስም የሞቱ ጠራቢዎችን ሳንባ በቢላ ሲከፍት፣ ቢላው በአሸዋ ክምር ውስጥ የሚያልፍ ያህል ሆኖበት ነበር። ይህ በሽታ ዛሬ ሲሊኮሲስ ይባላል። ከድንጋይ የሚወጣው ደቃቅ የሲሊካ ብናኝ ሳንባን እያጠቃ እንደ ጠባሳ ያደርቀዋል፤ የደረቀውም ክፍል ተመልሶ አይድንም።

መድኃኒት የሌለው በሽታ ከሆነ ሐኪም ምን ይጠቅማል? የራማዚኒ ታላቅነት በዚህ ላይ ይታያል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚሉት፣ እሱም ዋናው ነገር በሽታው ሳይገባ መጠንቀቅ ነው አለ። የሚበነን ነገር የሚያበጥሩ ሰዎች ሰፊና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ እንዲመርጡ፣ ፊታቸውን ከአቧራው እንዲመልሱ መከረ። ፊትን በውሃ መታጠብን፣ ጉሮሮን ኮምጣጤ በተጨመረበት ውሃ መጕመጥመጥን አዘዘ። ማዕድን በሚቈፈርበት ጉድጓድ ንጹሕ አየር በመንፊያ መሣሪያ እንዲገባ ማድረግ እንደሚያስፈልግ አስረዳ። ለመጸዳጃ ጉድጓድ ጠራጊዎች፣ ቀይ የእርሳስ ቀለም የሚያለሰልሱ ሰዎች ያደርጉት እንደ ነበረው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የከብት ፊኛ በፊታቸው ላይ እንዲያደርጉና በጉድጓዱ ውስጥ የሚቆዩበትን ሰዓት እንዲያሳጥሩ ነገራቸው።

ነገር ግን ራማዚኒ የሠራተኛው ጥንቃቄ ብቻውን የማይበቃበትን ሁኔታም አይቷል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ በመጽሐፉ ያስቀመጠው የአንድ ክርክር ታሪክ ነው። በሞዴና ግዛት ፊናለ በምትባል ከተማ አንድ ነጋዴ ትልቅ ፋብሪካ ነበረው። በዚያም ከባዜቃ ሱብሊማት የሚባል መርዛማ ጨው ይሠራ ነበር። ለዚሁም ሥራ ቪትሪዮል የተባለው ማዕድን በምድጃ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ የመንደሩን አየር ይሞላው ነበር። ከነዋሪዎቹ አንዱ ነጋዴውን ከሰሰና ፋብሪካው ከከተማ እንዲወጣ ጠየቀ። ለማስረጃ ያቀረበው የከተማው ሐኪም በመሐላ የሰጠውን ቃልና የቤተ ክርስቲያኑን የሙታን መዝገብ ነበር። ከመዝገቡ እንደታየው በፋብሪካው አካባቢ የሚሞተው ሰው ቍጥር ከሌላው ሰፈር ይበልጥ ነበር፤ የሚሞቱትም በአብዛኛው ሰውነትን በሚያመነምንና ደረትን በሚያጠቃ በሽታ ነው። ነጋዴውም ጠበቃ አቁሞ ተከራከረ። በመጨረሻ ዳኞቹ ለነጋዴው ፈረዱ፤ ጢሱም ነጻ ወጣ።

ራማዚኒ ስለ ፍርዱ ራሱ አልፈረደም። ፍርዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን የተፈጥሮ ሊቃውንት ይመርምሩት ብሎ ተወው። ዛሬ ግን ቪትሪዮል ሲቃጠል የድኝ ጋዞች እንደሚወጡ፣ እነርሱም ከሳንባ እርጥበት ጋር ተዋሕደው አሲድ እንደሚሆኑና መተንፈሻን እንደሚለበልቡ ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ ያውቃል። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ያዘንሁት ስለ ፍርዱ ብቻ አይደለም። የሙታን መዝገብ ቈጥሮ ማስረጃ ማቅረብ የሚያህል ብልኀት በዚያን ዘመን ተገኝቶ ሳለ ሰሚ በማጣቱ ጭምር ነው።

መጽሐፉ በወጣበት በዚያው በ1700 ዓ.ም. የቬኔዚያ ሪፑብሊክ ራማዚኒን በታወቀው በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተምር ጠራችው። ያን ጊዜ ዕድሜው 67 ዓመት ገደማ ነበር። ሌላ ሰው በዚህ ዕድሜ ዕረፍት ይሻል፤ እሱ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ዐይኑ እየደከመ ቢሄድም ማስተማርና መጻፍ አልተወም። በ1711 ዓ.ም. በፓዶቫ አካባቢ የከብት እልቂት በተነሣ ጊዜ የበሽታውን መተላለፍ ተከታትሎ ጻፈ። ይህ በሽታ እኛ ደስታ የምንለው፣ በ1880ዎቹ በእኛ አቈጣጠር የአገራችንን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ ያመጣው ነው። በ1713 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈውን መጽሐፍ ሌሎች 12 ምዕራፎች ጨምሮ በፓዶቫ እንደገና አሳተመ። በአዲሶቹ ምዕራፎች አታሚዎች፣ ጸሐፊዎች፣ ሸማኔዎች፣ አናጢዎች፣ ጡብ ሠሪዎችና ጉድጓድ ቈፋሪዎች ተካተዋል። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ወር፣ በ1714 ዓ.ም.፣ በ81 ዓመቱ በፓዶቫ ዐረፈ።

መጽሐፉ ገና በሕይወቱ ሳለ በ1705 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ታትሞ ነበር፤ በ1777 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ፈረንሳይኛ ተተረጐመ። ሥራው ግን ሙሉ ፍሬ እስኪያፈራ ብዙ ዘመን ፈጀ። ፋብሪካዎች በአውሮፓ ሲስፋፉ ጢሱም አቧራውም በዚያው ልክ በዛ። ስለ ሲሊኮሲስ የዓለም ሊቃውንት በጆሃንስበርግ ተሰብስበው የመከሩት በ1930 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝ አገር ብረትን በአሸዋ እየረጩ ማጽዳት በሕግ የተከለከለው በ1949 ዓ.ም. ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ለጤና የማያሰጋ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሠራተኛ መብቶች ጋር የደመረው በ2022 ዓ.ም. ነው። ከራማዚኒ መጽሐፍ እስከዚህ ድረስ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለፈ።

ራማዚኒ ያላወቀውን እኛ ዛሬ እናውቃለን። በዐይን የምናየው ወፍራም አቧራ አብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ ይያዛል። ወደ ሳንባ ዘልቆ የሚገባው ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ያነሰ፣ በዐይን የማይታይ ብናኝ ነው። ይህን ደግሞ በአፍ ላይ የሚታሰር ተራ ጨርቅ በሚገባ አያግደውም። ከጋዞችም እንደ አሞንያ ያሉት ወዲያው አፍንጫን እየለበለቡ ሰውን ያባርራሉ፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን የመሰሉት ግን መጀመሪያ ብዙ ሳያሳምሙ ገብተው ከብዙ ሰዓት በኋላ ሳንባን በውሃ ይሞላሉ። ስለዚህ አፍንጫ ታማኝ ዘበኛ አይደለም።

ከዚህም የተነሣ የዛሬ ሊቃውንት ጥንቃቄን በተራ ያስቀምጡታል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐዳውን ነገር ማስወገድ ወይም በማይጐዳ መለወጥ ነው። ይህ ካልተቻለ አቧራው ከሚነሣበት ስፍራ እንዳይወጣ መዝጋት፣ በማራገቢያ ስቦ ማስወጣት፣ ድንጋይም ከሆነ በውሃ እያራሱ መጥረብ ነው። ቀጥሎ ሠራተኛው በዚያ የሚቆይበትን ሰዓት ማሳጠር ነው። ጭምብል የመጨረሻው ነው፤ እሱም ቢሆን ለብናኙ ወይም ለጋዙ ተብሎ የተሠራና ፊት ላይ በሚገባ የሚገጥም መሆን አለበት። ተራው እንዲህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጭምብል ሸክሙን በሠራተኛው ላይ ይጥላል፤ የመጀመሪያዎቹ ግን በሥራው ባለቤት ላይ ናቸው።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። አጎቴ በአንድ ወፍጮ ቤት ለብዙ ዓመታት እህልና በርበሬ ሲፈጩ ኖረዋል። ሳል ይዟቸው ሌሊት ሌሊት መተኛት ባቃታቸው ጊዜ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄዱ። አክታቸው ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ አይደለም ተባለና የሳል መድኃኒት ተሰጥቷቸው ተመለሱ። መድኃኒቱም አለቀ፤ ሳሉ ግን አላለቀም። ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ሥራቸው ምን እንደ ሆነ ግን የጠየቃቸው አልነበረም። በአራተኛው ጊዜ አንዲት ወጣት ሐኪም ጠየቀቻቸው። አጎቴም ከወፍጮው ሥር እንደሚውሉ፣ በበዓል ሰሞንም ከማለዳ እስከ ማታ በርበሬ እንደሚፈጩ ነገሯት። ሐኪሟም ለትንፋሻቸው የሚሆን መድኃኒት ከሰጠቻቸው በኋላ፣ ዋናው መድኃኒት ያለው በወፍጮ ቤቱ ውስጥ እንደ ሆነ አስረዳቻቸው።

አጎቴ ሥራውን ይተዉ ማለት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን አምስት ልጆች የሚያድሩት በዚያ ሥራ ነው። እዚህ ላይ የራማዚኒ ምክር ጐዶሎነት ይታየኛል። ጉዳቱ የበረታበት ሠራተኛ ሥራውን እንዲተው ይመክር ነበር። ምክሩ ለሳንባ እውነት ቢሆንም፣ ለሆድ መልስ የለውም። አጎቴ የሄዱት ወደ ወፍጮው ባለቤት ነው። ተነጋገሩና በሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ መስኮት ተከፈተ። ከወፍጮው አፍ እስከ ጆንያው ድረስ ዱቄቱ እንዳይበንን የጨርቅ እጅጌ ታሰረ። በርበሬ የሚፈጭበትም ቀን ለሁለት ሰው ተከፈለ። ወጪው ብዙ አልነበረም። የአጎቴ ሳል ፈጽሞ አልተዋቸውም፤ ዛሬ ግን ሌሊት ይተኛሉ። ለእኔም ይህን ታሪክ እንድፈልግና እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

አገራችን ስለ ሥራ ደኅንነት የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀብላለች። በ2011 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156ም አሠሪው የሠራተኛውን ጤና እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያዝዛል። ሕጉ በወረቀት ላይ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ በየወፍጮ ቤቱ፣ በየድንጋይ መፍለጫው፣ በየጥጥ መዳመጫው የሚገባው በሰው እግር ነው። ራማዚኒም ሕግ ባልነበረበት ዘመን በእግሩ ገባ።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ከመካከላችን በሚቀጥሉት ዓመታት ሐኪም የሚሆን፣ መሐንዲስ የሚሆን፣ ፋብሪካ የሚያቋቁም፣ ሕግ የሚያወጣም ይኖራል። ሐኪም የሚሆነው ታማሚውን ሥራው ምን እንደ ሆነ ይጠይቅ። መሐንዲስ የሚሆነው መኪናውን ሲተክል አቧራው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያስብ። የፋብሪካ ጌታ የሚሆነው የማራገቢያ ዋጋ ከሰው ሳንባ ዋጋ እንደማይበልጥ ይወቅ። ዳኛ የሚሆነው የፊናለን የሙታን መዝገብ ያስታውስ። ከእነዚህ አንዱንም የማይሆን ቢኖር እንኳ፣ የምንበላው እንጀራ ዱቄቱ የማን ትንፋሽ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባዋል።